ከውጭ የተቆለፈ ሱቅ

ሬሳውን ያስገኘው የዳቦ መኪና ሹፌር ነው። ቅዳሜ ጠዋት አይቮሪ ፓርክ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጥሩንባ ቢነፋ፣ ቢያንኳኳ መልስ የለም። በሩ ላይ ጡጫ የሚያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ሌላ ሰው ቢሆን ዝግ ነው ብሎ ይሄድ ነበር። እሱ ግን ሎኬሽን በሚባሉት የድሃ ሰፈሮች ላሉ ሱቆች ዳቦ ሲያመላልስ የኖረ ነውና፣ ከውጭ ስለተቆለፈ ብቻ ውስጥ ሰው የለም እንደማይባል ያውቃል። የእኛ ሰዎች ሌባው ባዶ መስሎት እንዲያልፍ ብለው፣ አንዱ ሌላውን ከውጭ ቆልፎበት ይሄዳል። ይህን ብልሃት የማያውቅ ሌባ ግን ጆበርግ ውስጥ እስካሁን አልገጠመኝም።

ለፖሊስ ደወለና ደርሰን ጓጉንቸሩን አስቆርጠን ገባን። የሱቁ ባለቤት ምሕረቱ ግንባሩ ተፈንክቶ፣ መሸጫ መስኮቱ ሥር፣ በዱቄት ከረጢቶቹ ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ጓዳ ውስጥ ቤንዚኑን የጨረሰ ጀነሬተር ቆሟል። ሰፈሩ ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ ወዲህ መብራት የለውም። ስልኩ ከእጁ አልወደቀም። ስከፍተው ቀይና አረንጓዴ ዘንጎች የተደረደሩበት ሥዕል መጣ፤ ከሥሩ አንድ ቀጭን መስመር ይወጣል ይወርዳል። መጀመሪያ የሐኪም ቤት ነገር መስሎኝ ነበር።

"የአክሲዮን ገበያ ነው" አለኝ ካፒቴን ማሴኮ በትከሻዬ ላይ አጮልቆ። "ማይ ፍሬንድ ባለሀብት ኖሯል።"

እዚህ ሀገር ሐበሻ ባለሱቅ ሁሉ ስሙ "ማይ ፍሬንድ" ነው። ማሴኮ አለቃዬ ነው። ደግነቱ እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ ከእሱ ጋር መጨቃጨቅ ይከብደኝ ነበር። እኔ ሳጅን ራኒያ ሚስባህ እባላለሁ። አባቴ ከስልጤ መጥቶ መሀል ከተማ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣል። ሴት ልጁ ፖሊስ መሆኗን ለሰው መናገር እስከ ዛሬ ከብዶት "መንግሥት ቤት ናት" ይላል።

መሸጫ መስኮቱን አየሁት። ከውስጥ እጅና ዳቦ የሚያሳልፍ የብረት ፍርግርግ አለው፤ ከውጭ ደግሞ በመወርወሪያ የሚዘጋ የላሜራ መዝጊያ። መወርወሪያው ተወርውሯል። በመዝጊያው ጠርዝ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ የአራት ጣቶች ጥቁር የዘይት አሻራ አለ። በውስጥ በኩል የአውራ ጣት። የሟቹንም ጣቶች አየሁ፤ የጀነሬተር ዘይት ነክቷቸዋል።

"ካፒቴን፣ ይህ ሰው የመዝጊያውን ጠርዝ ጨብጦ ነበር። ዝግ መዝጊያ በጠርዙ አይጨበጥም።"

"የድሮ ዘይት ይሆናል" አለና ወጣ። አናደደኝ።

*

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ደወለ። ግንባሩን የመታው የለም፤ ሲወድቅ የተፈነከተ ነው። የገደለው የጀነሬተሩ ጋዝ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰውን ራሱን አዙሮ፣ አድክሞ ይደፋዋል።

"እንግዲያው ጥያቄው አንድ ነው" አለ ማሴኮ። "ማን ቆለፈበት?"

ለዚህ መልስ ፍለጋ መድከም አላስፈለገንም። ዱባለን ዮቪል ሰፈር ከእህቱ ቤት ሲያመጡት ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር። ዱባለ የሟቹ ሚስት ወንድም ነው። ሱቁ ውስጥ የሚሠራውም፣ የሚያድረውም እሱ ነበር።

"የቆለፍኩት እኔ ነኝ" አለኝ ገና ሳልጠይቀው። "ራሱ ነው ቆልፍብኝ ያለኝ። ሼር ያስገዛቸው የቤተ ክርስቲያን ወንድሞች እየመጡ ይጨቀጭቁታል። 'የለም በላቸው፣ መስመሬን ልከታተልበት' አለኝ። የዓርብ ጾም ጸሎት ዮቪል ነበር፤ ቆልፌ ሄድኩ።"

"ማታ ለምን አልተመለስክም?"

"ጸሎቱ አዳር ሆነ። ስልካችንን በር ላይ ነው የሚሰበስቡት። ጠዋት ሲመልሱልኝ ደጋግሞ ደውሎልኝ አገኘሁ። መልሼ ብደውል..." ጨርሶ መናገር አቃተው፤ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

ማሴኮ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። "ሲቆልፍበት ምን ተሰማው? ጠይቂው።"

ጠየቅኩት። ዱባለ ትንሽ አሰበና፣ የዋህ ነገር፣ እውነቱን ዘረገፈው። "ደስ ብሎኝ ነበር እህቴ። ሁልጊዜ የሚቆልፍብኝ እሱ ነው። አንድ ቀን እሱም ይቅመሰው አልኩ።"

ምናለ አፉን በዘጋው! ካፒቴኑ ዓይን ዓይኔን ያያል፤ ተረጎምኩለት።

"ሰኞ ጠዋት በነፍስ ግድያ ይከሰሳል" አለ ማሴኮ ተነስቶ። "የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ፔፐሩም ጊዜው አልፎበታል። የትም አይሄድም።"

"በጸሎቱ ላይ የነበሩት ሁሉ አድሯል ይላሉ እኮ።"

"እርስ በርሳቸው ይደጋገፋሉ። እስከ ሰኞ ሌላ ሰው ካመጣሽ አመጣሽ።"

*

የሟቹን ሚስት አማረችን ዮቪል ውስጥ፣ የምትኖርበት ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ መተንፈሻ የለውም። ባሏ ሬሳ ቤት፣ ወንድሟ እስር ቤት። ዓይኗ ደርቋል።

"የትኛውን ላልቅስ እህቴ?" አለችኝ። "ለባሌ ሳለቅስ ሰዎቹ 'ወንድሟ ገደለው' ይላሉ። ለወንድሜ ሳለቅስ 'ባሏ ሳይቀበር' ይላሉ።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ሼሩ ጠየቅኳት።

ምሕረቱ ሼር የገዛው ኡምሳካዞ ሚዲያ ከሚባል ኩባንያ ነው፤ ራዲዮ አለው፣ ሎኬሽኑ በሙሉ የሚያየውን ተከታታይ ድራማም የሚሠራው እሱ ነው። "ድራማው ሲጀምር ሱቁ ጭር ይላል" ትላለች አማረች። "ዳቦ የሚገዛ አንድ ሰው አይመጣም። ምሕረቱ ያንን አይቶ 'ይህ ኩባንያ አይሞትም' አለ። ከዚያ የዋጋውን መስመር ስልኩ ላይ ጫነ። ሞመንተም ነው የሚለው፤ የዋጋው ጉልበት መለኪያ። 'ዋጋው ከልክ በላይ ወርዷል፣ መነሳቱ አይቀርም' ብሎ ወንድሞችን ሰበሰበ። ቋሚ ፔፐር ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ሁሉም በእሱ ስም ገዙ። መሸጥም የሚችለው እሱ ብቻ ነው።"

"ተነሳ?"

"ወረደ። እንደገና ወረደ። ባሌ ጾመ፣ ጸለየ፣ መስመሩ ላይ ሲያፈጥ ይውላል።"

"የዛተበት ሰው አለ?"

"ዓብዩ። ጉባኤ መሀል 'አቃጥልሃለሁ' ብሎታል።"

ተነሳሁ። ቀሚሴን ጨምድዳ ያዘችኝ። "ወንድምሽን አስወጣልሻለሁ" አልኳት። ፖሊስ እንዲህ ብሎ ቃል አይሰጥም። እኔ ግን አፌ አያርፍም።

*

ዓብዩን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ያዝኩት። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ እኔን ሲያይ ግን መጽሐፍ ቅዱሱን እንደ ጋሻ ደረቱ ላይ ለጠፈው።

"ብያለሁ፣ አልክድም" አለ። "ተናድጄ ነው። ዓርብ ጠዋትም ሱቁ ሄጄ ነበር። ጓጉንቸሩን ሳየው የለም ብዬ በሩን በእርግጫ መታሁትና ሄድኩ።"

"መስኮቱስ?"

"ተዘግቷል።"

"ጀነሬተር አልሰማህም?"

"የጎረቤቱ ፀጉር ቤት መሰለኝ።" ትንሽ ቆይቶ የምናገረው ገባው። "ውይ! ውስጥ ነበር? በሩን ስመታ ውስጥ ነበር?"

ከዚያ ወዲያ ዓርብን በሙሉ የት እንደነበረ አጣራሁ። ከአይቮሪ ፓርክ በቀጥታ ሚስቱን ይዞ ሐኪም ቤት ሄዷል፤ እስከ ማታ ወረፋ ላይ እንደነበሩ ነርሶቹ አስታወሱት፤ ነገረኛ ስለሆነ ማንም አይረሳውም። ዓብዩ ከተጠርጣሪነት ወጣ። ካፒቴኑ ይህን ስነግረው ትከሻውን ብቻ ሰበቀ።

የምሕረቱ ስልክ ላይ ዓርብ የተደወሉት ጥሪዎች ሁሉ ለዱባለ ናቸው፤ ከአንዷ በስተቀር። ያቺ ቀትር ላይ ሀቢሶ ለሚባል ሰው የተደወለች ናት። ለረጅም ጊዜ ተነጋግረዋል። የሀቢሶ ሱቅ ወዳለበት ወደ ቶኮዛ ነዳሁ።

*

ሀቢሶ የምሕረቱ የሀገር ልጅና የልብ ወዳጅ ነው ተብሎ ተነግሮኛል። ከራሱ ሱቅ ፍርግርግ ኋላ ሆኖ ነው የተቀበለኝ። አልወጣም፤ እኔም አልገባሁም። በመሀላችን ብረት፣ በጎኔ ሲጋራ በፍሬ የሚገዙ ደንበኞች።

"ወንድሜን ነው ያጣሁት" አለኝ። ድምፁ ሰልሏል። "አብረን ነው የመጣነው።"

"አንተም ሼር ነበረህ?"

"ሁላችንም። የዚህን ሱቅ ግማሽ ሽጬ ነው የገባሁት። ምሕረቱ አስተማረን፤ መስመሩ ከዜሮ እስከ መቶ ይሄዳል። ከሰባ በላይ ከሆነ ሰው ከልክ በላይ ገዝቶታል፣ ከሠላሳ በታች ከሆነ ከልክ በላይ ተሽጧል። ከሠላሳ በታች ግዛ፣ ሲወጣ ያዝ። እንዲህ ነበር የሚለን።"

"ዓርብ ቀትር ላይ ደውሎልሃል።"

"ደውሎልኛል።" ለአንድ ልጅ ስኳር ሰጥቶ ተመለሰ። "'ሀቢሶ፣ መስመሩ ከሠላሳ ወጣ፣ እያየሁት እየጨመረ ነው፣ እንዳትደነግጥ' አለኝ። ስቋል ሁሉ።"

"ደህና ነበር ማለት ነው? ራሴን አመመኝ አላለህም?"

"ደህና ነበር። በኋላ ነው የሆነው እንጂ..." ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። "ያ ልጅ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላስብም ነበር።"

"አንተ ዓርብ የት ዋልክ?"

"እዚሁ። ሱቅ ያለው ሰው የት ይሄዳል የኔ እህት?"

እውነት አለው፤ የት ይሄዳል? አመስግኜው ወጣሁ። እንዲያውም አሳዘነኝ። የሱ ቃል ግን ዱባለን ይበልጥ አነቀው። ቀትር ላይ ሰውየው ደህና ከነበረ፣ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ እየደወለለት ያልከፈተለት ቁልፉን የያዘው ነው ይላል ማሴኮ። አስወጣዋለሁ ያልኩትን ልጅ በገዛ እጄ እያስገባሁት ነበር።

*

ያ የስልክ ሥዕል ከጭንቅላቴ አልወጣም። ቤዛ የምትባል አብራኝ የተማረች ልጅ አለች፤ ለሰዎች ሼር የሚገዛና የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። እሁድ ከሰዓት ዕረፍቷን አቋርጬ ስልኩን ፊቷ ደቀንኩት።

"አይ ይሄ መስመር!" አለች። "ስንቱን ጉድ ሠራው። ስሚ፣ ይህ ነገር የሚነግርሽ ዋጋው በምን ያህል ጉልበት እንደሮጠ ብቻ ነው። ኩባንያው ጤነኛ ነው ወይ አይልሽም። ኡምሳካዞን ሰው ያየዋል፤ እውነት ነው። ማስታወቂያ አስነጋሪው ግን ወደ ስልክ ሄዷል። ድራማ ስለታየ ብቻ ኩባንያ አይበላም። ከሠላሳ በታች ወረደ ማለት ይነሳል ማለት አይደለም፤ እዚያው ሥር ወር ሙሉ ሊከርም ይችላል። ሟቹ መስመሩን ይዞ ሌላውን ሁሉ ረሳው።"

"ዓርብ ቀትር ላይ ግን ከሠላሳ ወጥቷል።"

"ማን አለ?"

"የሟቹ ጓደኛ። ሟቹ ራሱ በስልክ ነገረኝ ይላል።"

ቤዛ ስልኩን ወሰደችና ሥዕሉን በጣቷ ገፋ አደረገችው። "ራኒያ፣ የመጨረሻው ዘንግ የሐሙስ ነው። ዓርብ ጠዋት ገበያው እንደተከፈተ የኡምሳካዞ ሼር ታግዷል። ኩባንያውን ሊገዛው የመጣ አለና፣ ዝርዝሩ እስኪነገር መግዛትም መሸጥም ቆመ። መስመሩ የሚሠራው ከዋጋ ነው። ዋጋ ከሌለ ምኑ ይወጣል? ዓርብ ቀኑን ሙሉ ንቅንቅ አላለም።"

"ምሕረቱ ይህን ያውቅ ነበር?"

"ስልኩ ላይ አፍጥጦ የዋለ ሰው? መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።"

ወላሂ፣ ያኔ በራልኝ። ምሕረቱ "መስመሩ ወጣ" ሊል አይችልም። እንግዲያው በዚያ ረጅም ጥሪ ሌላ ነገር ነው የተባባሉት፤ ሀቢሶ ደግሞ ደብቆኛል። በመዝጊያው ጠርዝ ላይ ያሉት ጣቶች ፊቴ ላይ መጡ። ወዲያው ለማሴኮ ደወልኩና የሀቢሶ ስልክ ዓርብ ከየትኛው የኔትወርክ ማማ ጋር እንደተገናኘ ይጠየቅልኝ አልኩ።

"በአንድ መስመር ምክንያት?" አለኝ።

"ባልተንቀሳቀሰ መስመር ምክንያት።"

ሲስቅ ሰማሁት። ግን ጠየቀልኝ፤ ይህን አልክድበትም።

*

ሰኞ ጠዋት፣ ዱባለ ለፍርድ ቤት መኪና ሊጠራ ሲል፣ መልሱ መጣ። ዓርብ ከሰዓት የሀቢሶ ስልክ የነበረው ቶኮዛ አይደለም፤ አይቮሪ ፓርክ ነው። ማሴኮ የዱባለን ክስ ለከሰዓት አዘገየና ራሱ ከእኔ ጋር መጣ።

ሀቢሶ ከፍርግርጉ ኋላ ቆሞ ነበር። ደንበኞቹን ገለል አደረግኳቸው።

"ሀቢሶ፣ ዓርብ ያ ሼር አልተሸጠም፣ አልተገዛም። ታግዶ ነበር። መስመሩ አልወጣም፣ አልወረደም። ምሕረቱ ምን ብሎ ነው የደወለልህ?"

"ነገርኩሽ እኮ።"

"አይቮሪ ፓርክ ሄደሃል። ምሕረቱ የመዝጊያውን ጠርዝ ጨብጦ ነበር። ማን ነው የዘጋበት?"

ፍርግርጉን በሁለት እጁ ያዘ። ፊቱ ላይ ያየሁት ፍርሃት አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው። "እውነት ታግዶ ነበር?" አለኝ።

"እውነት።"

"ውይ ጌታዬ!" አለና ግንባሩን ብረቱ ላይ ጣለ። ከዚያ ማንም ሳይገፋፋው ማውራት ጀመረ። "'ራሴን አዞረኝ፣ ዱባለ ስልክ አያነሳም፣ ፈልገህ አስከፍትልኝ' አለኝ። ጾም ላይ ነበር፤ እሱም ጾሙ ነው አለ፣ እኔም ጾሙ ነው አልኩ። ቢሆንም ሄድኩ። መዝጊያውን ከፈትኩለት። ፊቱ ቀላ ብሏል፤ የታመመ አይመስልም። 'መጀመሪያ የኔን ሼር ሽጥልኝና ዱባለን አመጣልሃለሁ' አልኩት። 'አይሸጥም፣ ገበያው ተቆልፏል' አለኝ።"

"እና?"

"ገበያ ይቆለፋል እንዴ እህቴ? ሱቅ ነው የሚቆለፈው! ነገ ይነሳል፣ ከነገ ወዲያ ይነሳል ሲለን ከርሟል፤ ይሄም ሰበብ መሰለኝ። ግማሽ ሱቄን በልቶ አሁን ደግሞ ተቆልፏል ይለኛል! 'እንግዲያው አንተም ተቆለፍ' ብዬ ገፋሁት። ጠርዙን ያዘ። ጣቶቹን አላቀቅኩና መወርወሪያውን ወረወርኩት።"

"ጀነሬተሩን አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ። ጀነሬተር ነው፤ ይጮኻል። ሰው እንደሚገድል ማን ነገረኝ? ትንሽ ይጨነቅ፣ እኔ የተጨነቅኩትን ያህል ይጨነቅና እመለሳለሁ አልኩ። ታክሲ ተራ ድረስ ሄጄ ቆምኩ። ከዚያ የመጀመሪያው ታክሲ ሲሞላ ገባሁ።" ፊቱን በእጁ ጠረገ። "ውሸቱ ሲያስፈልገኝ እሱ ሁልጊዜ የሚለውን ነው ያልኩሽ። ሌላ ነገር አልመጣልኝም።"

ማሴኮ አንድም ቃል ሳይገባው ሁሉም ገብቶታል። ካቴናውን አወጣ። ሀቢሶ በሩን ከውስጥ ከፈተና ወጣ፤ እጁን ዘረጋ።

መኪና ውስጥ፣ "ገበያው ግን... ተከፈተ?" አለኝ።

ቤዛ ጠዋት መልእክት ልካልኝ ነበር። ገዢው ዋጋውን ተናግሯል፤ ሼሩ ከተከፈተ ጀምሮ ወደ ላይ ተስፈንጥሯል፣ መስመሩም ከሰባ በላይ ነው። ልዋሸው አስቤ ነበር፤ ግን ምን ይጠቅመዋል።

"ተከፍቷል" አልኩት። "በጣም ወጥቷል።"

እስክንደርስ ድረስ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም ጠላሁትም፣ አዘንኩለትም፤ ሁለቱንም አንድ ላይ።

*

ጣቢያ ደርሰን ሀቢሶ ቃሉን ከፈረመ በኋላ ስወጣ አማረች ዋናው በር ላይ ቆማለች። ለወንድሟ የታጠበ ልብስ በፌስታል ይዛለች። "ተገኘ፣ ዱባለ አይደለም" ስላት መሬት ላይ ተንበረከከች። አነሳኋትና ላመጣልሽ ነው ብያት ወደ ውስጥ ሮጥኩ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዱባለ በጓሮው ኮሪደር ቆሟል። ከጎኑ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች፤ ደረታቸው ላይ የኢሚግሬሽን መታወቂያ ተንጠልጥሏል።

"ካፒቴን፣ ይህ ምንድነው?"

ማሴኮ ዓይኔን አላየኝም። "ክሱ ተሰርዟል። ክስ ከሌለበት እኔ የምይዝበት ምክንያት የለኝም። እነሱ አላቸው። ፔፐሩ ጊዜው አልፏል፤ ወደ ሀገሩ ሊመልሱት ነው።"

"ምስክራችን ነው!"

"ሀቢሶ አምኗል ራኒያ። ፈርሟል። ምን ምስክር ያስፈልጋል?"

"ፔፐሩን ያላሳደሰው እኮ ምሕረቱ ሱቅ ውስጥ እየቆለፈበት ነው!"

"ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሕጉን እኔ አላወጣሁት።"

ጮህኩ። እንግሊዝኛውንም ዙሉውንም አማርኛውንም ቀላቅዬ ጮህኩ። ሰዎቹ በትሕትና ሰሙኝና የመኪናቸውን በር ከፈቱ። ሥራቸው ነው፤ እንደ እኔ።

ዱባለ ሲያልፍ ቆም አለ። "እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ገዳዩ እኔ ብሆን ኖሮ እዚህ እቆይ ነበር?"

"ክስህ እስኪያልቅ... አዎ።"

ራሱን ነቀነቀ። "ለአማረች ይህን እንዳትነግሪያት" አለኝና ገባ። መኪናው በጓሮ በር ወጣ።

በዋናው በር በኩል ተመለስኩ። አማረች ፌስታሉን እንደያዘች ነው፤ እየሳቀችም እያለቀሰችም አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "አወጣሽልኝ! ጌታ ይባርክሽ፣ አወጣሽልኝ!" ትላለች። ከዚያ ለቀቀችኝና በትከሻዬ ላይ ወደ ኋላዬ አየች።

"የታል?" አለችኝ።